የሰርቨሩ ኔትወርክ ካርድ አልነሳ ሲል

የደርስ ቅጂዎችና የቲቶሪያል ፋይሎች ያሉበት የሊኑክስ ሰርቨር ከኔትወርክ ሲጠፋ ሲስተሙን እንደ አዲስ ለመጫን አንቸኩል፤ ፋይሉም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ዲናችን ሳናጣራ እንዳንፈርድ ያስተምረናልና ከታች ጀምረን በየተራ እናጣራ።

አንደኛ፦ በ«ኤልኤስፒሲአይ» ትእዛዝ ማሽኑ ካርዱን ማየቱን እንመልከት። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ማሽኑን አጥፍተን፣ ከኤሌክትሪክ ነቅለን፣ ካርዱን አውጥተን በደንብ እንመልሰው። ከማዘርቦርዱ ጋር የተሠራ ከሆነ ባዮስ ላይ ተዘግቶ እንዳይሆን እንይ።

ሁለተኛ፦ ካርዱ ታይቶ በ«አይፒ ሊንክ» ስሙ ካልወጣ ድራይቨሩን ወይም ፈርምዌሩን እንጠርጥር። የከርነሉን መልእክት በ«ዲሜስግ» እናንብብ፤ ፈርምዌር ጎድሎ ከሆነ ብዙ ጊዜ የፋይሉን ስም ይነግረናል።

ሦስተኛ፦ ስሙ ወጥቶ «ዳውን» ካለ «አይፒ ሊንክ ሴት» ብለን የካርዱን ስምና «አፕ» እንጨምር። ተነስቶ «ኖ ካሪየር» ካለ መጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ የስዊቹን ፖርት እንቀይር።

አራተኛ፦ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ተመልሶ ከወደቀ ኮንፊገሬሽን ፋይሉ ላይ ያለውን ስም ከካርዱ ስም ጋር እናስተያይ። የካርዱ ቦታ ሲቀየር «ኢኤንፒ3ኤስ0» የነበረው «ኢኤንፒ4ኤስ0» ሊሆን ይችላል።

መፍትሔውን ጽፈን ከኛ በኋላ ለሚመጡት እናስቀምጥ። ጠቃሚ ዕውቀት ሰደቀተል ጃሪያ ነው። ወላሁ አዕለም።