የሚናገር መሣሪያ እስከ ምን ድረስ ሰው ይምሰል?
ለነጋዴዎች የሚጠቅም ትምህርት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፈው ጋር የሚገናኝባት ወረታ የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚፈተግባትና የሚሸጥባት ከተማ ናት። በገበያዋ ሻጭም ገዢም ዐይናቸውን ከሚዛን ላይ አይነቅሉም። ዛሬ ግን ብዙ ሒሳብ የሚዘጋው በስልክ ስለ ሆነ፣ ስልኩም ሆነ ኮምፒዩተሩ ከነጋዴው ጋር የሚነጋገርበት ገጽ እንደ ሚዛኑ ሊመረመር ይገባዋል። ጥያቄውም ሁለት ነው፤ መሣሪያው እስከ ምን ድረስ ሰው ይምሰል? ባለቤቱስ እስከ ምን ድረስ እንደ ፈቃዱ ይለዋውጠው?

1ኛ. ሰው ስለ መምሰል

መሣሪያ በሰው ድምፅ መናገሩ ጥቅም አለው። በ2006 ዓ.ም. በ8028 ቁጥር የተከፈተው የገበሬዎች የስልክ ምክር ለዚህ ማስረጃ ነው። ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ እንኳ ደውሎ፣ የተቀዳውን ድምፅ ሰምቶ፣ የተነገረውን ቁጥር በመጫን ስለ አዝመራው ምክር ለማግኘት ችሏል። ድምፁ «ሰው ነኝ» አላለም፤ አገልግሎቱ ግን በዚህ አልጐደለም።

በአማርኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በእንግሊዝኛ አንድ የትእዛዝ ቃል ለሁሉ ይበቃል፤ በአማርኛ ግን መሣሪያው ከ«ተጫን»፣ ከ«ተጫኚ» እና ከ«ይጫኑ» አንዱን መምረጥ አለበት። የሚያነጋግረውን ሰው ስለማያይ፣ ሴቲቱን ነጋዴ በወንድ አንቀጽ እንዳይጠራ፣ ሽማግሌውንም እንዳያቃልል፣ «እርስዎ» ማለቱ የተሻለ ነው። ሰውን መምሰል የሚገባው በዚህ በአክብሮቱ ነው።

ከዚህ ሲያልፍ ግን ያስቸግራል። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ኦፊስ 97» በተባለው የጽሕፈት ፕሮግራሙ ውስጥ ዐይን ያለው የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ሥሎ፣ ጸሓፊውን ሳይጠየቅ እንዲመክር አደረገ። ብዙዎች ተማረሩበት፤ በ2007 እ.ኤ.አ. እትምም ጨርሶ ቀረ። ዛሬ እንደ ሰው የሚመልሱ ፕሮግራሞች ደግሞ አነጋገራቸው ለስላሳ በመሆኑ ስሕተታቸው እንኳ እውነት ይመስላል። በትሕትና የተነገረ የተሳሳተ ዋጋ ያው የተሳሳተ ዋጋ ነው።

2ኛ. እንደ ፈቃድ ስለ መለዋወጥ

ቋንቋ፣ የፊደል መጠን፣ የዘመን አቈጣጠርና ሰዓት የባለቤቱ ናቸውና እንደ ልማዱ ሊያስተካክላቸው ይገባል። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ሩዙን በማለዳው 3 ሰዓት ሊያስጭን ከባለ መኪናው ጋር ቢስማማ፣ ስልኩ ግን በፈረንጅ ሰዓት የሚቈጥር ቢሆንና ከቀትር በኋላ በ3 እንዲያስታውሰው ቢያዘው፣ ደወሉ የሚሰማው በእኛ 9 ሰዓት ነው። መኪናው በከንቱ 6 ሰዓት ቆሞ ይውላል፤ ኪሳራውም የነጋዴው ይሆናል።

የገንዘቡ ልክ፣ የተቀባዩ ስም፣ የማረጋገጫው ጥያቄና ደረሰኙ ግን የሁለት ወገን ናቸው። ሚዛንን ቀለም መቀባት ይቻላል፤ የሚዛኑን ድንጋይ መለወጥ ግን አይቻልም። በተለይም የሱቅ ስልክ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ሠራተኛ ስለሚተላለፍ፣ አንዱ እንደ ፈቃዱ የለዋወጠው ገጽ ሌላውን ሊያሳስት ይችላል። የአንዲት አኃዝ ስሕተትም የብዙ ኩንታል ሩዝ ዋጋ ወደማይታወቅ ሰው ትልካለች። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በዘመናዊ ስልክ በምልክቶች፣ በተራ ስልክ ደግሞ በ*127# በቁጥር ዝርዝር ይሠራል፤ ገጹ ሁለት ቢሆንም ሒሳቡ አንድ ነው። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው።

ስለዚህ ነጋዴው አዲስ መሣሪያ ወይም ፕሮግራም ከመግዛቱ በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች ይጠይቅ፤

ሀ. በቋንቋዬ፣ በአክብሮትና በአጭሩ ይናገራልን?

ለ. በኢትዮጵያ ዘመንና ሰዓት መቍጠር ይችላልን?

ሐ. ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት ልኩንና የተቀባዩን ስም፣ ማንም ስልኩን ቢይዝ፣ ዘወትር በአንድ ዐይነት ያሳያልን?

ለሦስቱም መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ መሣሪያው ሰው ባይመስልም ታማኝ አገልጋይ ነው።