ከተከታይ ቁጥር ወደ ስርጭት ሥርዓት፦ የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠያቂነት በአዋጅ ቁጥር 1185/2012

1. መግቢያ

በዩኒቨርሲቲ መድረኮች ብዙኃን መገናኛ፣ ሥነ ምግባር፣ ቴክኖሎጂና ዴሞክራሲ በአንድነት ሲነሡ ደጋግሞ የሚጠቀስ አንድ ጽንሰ ሐሳብ አለ፤ እርሱም የፕሬስ ማኅበራዊ ኃላፊነት ነው። ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች ዋነኛው በጊዜው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መሪ በነበሩት በሮበርት ሃቺንስ ሰብሳቢነት የተቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጣው ሪፖርት ነው። ጽንሰ ሐሳቡ በአንድ ቅድመ ግምት ላይ ይቆማል፦ ለሕዝብ የሚደርሰውን መርጦ የሚያትም፣ ስሙ የሚታወቅና ሊጠየቅ የሚችል አዘጋጅ አለ።

በማኅበራዊ ሚዲያ ይህ ቅድመ ግምት አይሠራም። የሚናገረው ግለሰብ አንድ ወገን፣ ንግግሩን ለማን እንደሚያደርስ የሚወስነው ሥርዓት ሌላ ወገን ሆኗል። ይህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ መለያየት የሰጠውን ምላሽ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ ሕጉ የተናጋሪውን ኃላፊነት በጥብቅ ሲለካ የአሰራጩን ኃላፊነት ግን ሳይለካ ትቶታል የሚል ነው።

2. አዋጁ ያስቀመጠው መለኪያ

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን እስከ 1 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። ድርጊቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ግን እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮውም እስከ 100,000 ብር ከፍ ይላል። በዚህ ረገድ ብዙ ተከታይ ያለው ግለሰብ ከብሮድካስትና ከኅትመት መገናኛ ብዙኃን ጋር በአንድ ረድፍ ተቀምጧል።

የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች በበኩላቸው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመግታት ጥረት እንዲያደርጉ፣ ጥቆማ ሲደርሳቸውም ይዘቱን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ተደንግጓል። ግዴታው የሚመለከተው ይዘቱ ከተለጠፈና ከተጠቆመ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው፤ ከጥቆማው በፊት ይዘቱን ማን እንዳስፋፋው አይጠይቅም።

3. ተደራሽነትን የሚወስነው ማን ነው?

የተከታይ ቁጥር የተደራሽነት መለኪያ መሆን የሚችለው መልእክቱ በቀጥታ ለተከታዮች ሲደርስ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቁ ሦስት መድረኮች በዚህ ረገድ ይለያያሉ። በቴሌግራም ቻናል የተላከ መልእክት ለተመዝጋቢዎች በጊዜ ቅደም ተከተል ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚስፋፋው ሰዎች ለሌሎች ሲያስተላልፉት ነው። ስለዚህ የአዋጁ መለኪያ እዚህ ላይ በመጠኑ ይሠራል። በፌስቡክ ግን ተከታይ መሆን ልጥፉን ለማየት ዋስትና አይሆንም፤ ምን ቀድሞ እንደሚታይ የሚወስነው አልጎሪዝም የሚባለው ስልተ ቀመር ነው። በቲክቶክ ደግሞ ጥቂት ተከታይ ያለው ሰው የለቀቀው ቪዲዮ በሥርዓቱ ተመርጦ ለማያውቁት እጅግ ብዙ ሰዎች ሊቀርብ ይችላል።

ስልተ ቀመሩ ደግሞ ሰው የሠራው የምርጫ ደንብ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የልጥፎችን ቅደም ተከተል ሲለውጥ በሰዎች መካከል ውይይት ለሚቀሰቅሱ ልጥፎች ቅድሚያ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ቁጣም አስተያየትና ማጋራትን ስለሚጋብዝ ደንቡ ለቁጣ ቀስቃሽ ይዘት በር ይከፍታል። የድርጅቱ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በአሜሪካ ሴኔት ፊት በሰጠችው ምስክርነት ይህን መሰሉ አሠራር የብሔር ግጭትን እንደሚያባብስ ስትገልጽ ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳለች።

ውጤቱ የተዛባ ሚዛን ነው። 6,000 ተከታይ ያለውና ልጥፉን ጥቂቶች ብቻ ያዩለት ሰው ለከባዱ ቅጣት ይጋለጣል፤ 300 ተከታይ ኖሮት ልጥፉ በመቶ ሺዎች ዘንድ የደረሰው ሰው በቀላሉ ይታለፋል። ልጥፉን ለመቶ ሺዎች ያደረሰው ሥርዓት ግን አይጠየቅም።

4. መለኪያውን መቀየር ይበቃልን?

የተከታይ ቁጥር አንድ የማይናቅ ጥቅም አለው፤ ዜጋው ከመናገሩ በፊት የሚያውቀው ቁጥር ነው። በወንጀል ሕግ አስቀድሞ ማወቅ መቻል መሠረታዊ መርሕ እንደመሆኑ፣ ቁጥሩን በተመልካች ብዛት መተካት መፍትሔ አይሆንም። እንዲያውም ተናጋሪው ባልመረጠውና ሊገምተው በማይችለው ስርጭት ያስቀጣዋል። ይህም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተረጋገጠውን ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት የባሰ ያጠብበዋል።

ስለዚህ የሚሻለው ሁለቱን ኃላፊነቶች መለየት ነው። ግለሰቡ ሊጠየቅ የሚገባው በተናገረውና በዕውቀቱ ነው፤ አዋጁ ራሱ የሐሰተኛ መረጃን ትርጓሜ ሲሰጥ ተናጋሪው ሐሰተኛነቱን ማወቁን ወይም ማወቅ ይገባው የነበረ መሆኑን ይጠይቃል። ድርጅቱ ደግሞ ሊጠየቅ የሚገባው በስርጭቱ ንድፍ ነው።

5. ሁለት ማነጻጸሪያዎች

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቀው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ቁጥርን የሚያነሣው በድርጅቱ በኩል ነው። በኅብረቱ ውስጥ በወር በአማካይ 45 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ተጠቃሚ ያላቸው መድረኮች አሠራራቸው በሕዝባዊ ውይይትና በምርጫ ላይ የሚያስከትለውን ስጋት እንዲገመግሙ፣ በገለልተኛ ወገን እንዲመረመሩና ብቁ ተመራማሪዎች መረጃ እንዲያገኙ ያስገድዳል።

ሁለተኛው ማነጻጸሪያ በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚገኝ ክርክር ነው። በ2014 ዓ.ም. የተገደሉ የአንድ ኢትዮጵያዊ የዩኒቨርሲቲ መምህር ልጅ ከሌሎች ከሳሾች ጋር በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በሜታ ላይ ክስ መሥርቷል። ክሱ መምህሩን ዒላማ ያደረጉ ልጥፎች በወቅቱ አለመነሣታቸውን ብቻ ሳይሆን ስልተ ቀመሩ የጥላቻ ይዘትን ያስፋፋል የሚለውንም ነጥብ ያነሣል። ፍርድ ቤቱ በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ይህ ውሳኔ በፍሬ ነገሩ ላይ የተሰጠ ፍርድ ባይሆንም፣ የስርጭት ንድፍ ጉዳይ በአፍሪካ ፍርድ ቤት ሊታይ እንደሚችል አሳይቷል።

6. ማጠቃለያ

አዋጁ ለትምህርታዊ ጥናትና ለሳይንሳዊ ምርምር የሚደረግ ንግግርን ከክልከላው ውጭ አድርጓል። ይሁን እንጂ ተመራማሪው የመናገር ጥበቃ ቢያገኝም የሚመረምረውን መረጃ ከድርጅቶቹ የሚያገኝበት መንገድ አልተበጀለትም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ የተጻፈ ልጥፍ እንዴት እንደተስፋፋ ማጣራት ካልተቻለ የስርጭት ኃላፊነት በክርክር ብቻ ይቀራል። አዋጁ ወደፊት ሲሻሻል የስርጭት ስጋት ግምገማንና የተመራማሪዎችን መረጃ የማግኘት መብት ቢያካትት፣ የሥነ ምግባር ጥያቄው ከተናጋሪው አልፎ ንግግሩን ለሕዝብ ወደሚያደርሰው ሥርዓት ይደርሳል።