ፎቶ ከማንሳታችን በፊት ብርሃኑን እንይ

ዛሬ ስለ ሰው ፎቶ አነሳስ ከራሴ ስህተት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ባለፈው ጥምቀት አጎቴ ከጎንደር መጥቶ ስልኩን ለሦስት ቀን ሰጠኝ። አያቴ በዕድሜዋ አንድም ፎቶ ተነስታ አታውቅም። አዲስ አበባ ለምትኖረውና ለብዙ ዓመት ላላየቻት ልጇ ፎቶዋን እንድልክላት ለመነችኝ። እኔም "ቀላል ነው" አልኩ። ቀላል ግን አልነበረም።

1ኛ. ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እዩ። በመጀመሪያው ቀን ተራራውና ሰማዩ ከኋላዋ እንዲታይ ብዬ አቆምኳት። ሰማዩ ፍንትው ብሎ ወጣ፣ አያቴ ግን ጠቆረች። "ይቺ ጥላ ማን ናት?" አለችኝ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ካሜራ የሚለካው የሚያየውን ብርሃን በሙሉ ነው። ሰማዩ ሲበዛበት ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ያኔ ፊትም አብሮ ይጨልማል።

2ኛ. እኩለ ቀንን ሽሹ። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ፀሐይዋ ከአናት ስለነበረች ከቅንድቧ ሥር ጥላ ወድቆ ዓይኗ ጉድጓድ መሰለ። በተለይ እንደኛ ባለ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ ትከራለች። የሚሻለው ጠዋት ወይም ወደ ማታ ነው። ካልሆነም ሰውየውን ደጃፍ ላይ ጥላ ውስጥ አስቀምጣችሁ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሩት።

3ኛ. የምታነሱትን ሰው አጫውቱት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በራፉ ላይ በርጩማ አወጣሁላት። ብርሃኑ ጥሩ ነበር፣ እሷ ግን እንደ እንጨት ደረቀች። ድሮ ቢሆን ይሄ ግዴታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ፎቶ ለዓለም ሲተዋወቅ አንዱን ምስል ለማንሳት ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር የተነቃነቀ ሰው ይደበዝዝ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ቅጽበት ይበቃል። ስለዚህ "እምዬ፣ አክስቴ ልጅ ሳለች ታስቸግርሽ ነበር?" አልኳት። "እሷማ! ጥጃ ጠብቂ ስላት ዛፍ ላይ ነበር የማገኛት!" ብላ ፊቷ ፈካ። ቶሎ አነሳኋት።

4ኛ. ሳታስፈቅዱ አታንሱ፤ ለሌላም አታሳዩ። የጠቆረውን ፎቶ ለጓደኞቼ አሳይቼ ስቀንበት ነበር። አያቴ ሰምታ "ልጄ፣ እኔው ነኝ እኮ ያለሁት" አለችኝ። በጣም አፈርኩ። ይቅርታ ጠይቄ አጠፋሁት።

ልጆች፣ ፎቶ አንሺነት የተከበረ ሙያ ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለ አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ልጁ ቶኒም ሙያውን ወርሶ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ሆኗል። ያለፉትን ሰዎች ፊት ዛሬ የምናየው እንዲህ ባሉ ባለሙያዎች ነው።

ፎቶው አክስቴ ዘንድ ሲደርስ ደወለችና መናገር አቅቷት አለቀሰች። አያቴም "ምነው፣ ይህን ያህል አስቀያሚ ነኝ እንዴ?" ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

"ፎቶግራፍ" የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን "በብርሃን መጻፍ" ማለት ነው። የእኛ ከተማ ስም መካነ ብርሃን ደግሞ "የብርሃን ቦታ" ማለት ነው። እንግዲህ ብርሃኑ ደጃችን ላይ አለ፤ አያት ያላችሁ ልጆች ዛሬ ነገ ሳትሉ አስፈቅዳችሁ አንሷቸው።



ከ7ኛ ለ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል