ስለ አትክልትና ጥራጥሬ የቅምሻ ማዕድ
ለሰሜን ሸዋ ባለሆቴልና ነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት

ሆቴል የሚያቆም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትርፉን የሚጠብቀው ከሥጋ፣ ከመጠጥና ከአልጋ ኪራይ ነው። አትክልትና ጥራጥሬ ግን በጾም ቀን ብቻ፣ ያውም ሌላ ሲታጣ የሚቀርብ ርካሽ ምግብ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ አሠራሩም ሆነ ሒሳቡ ሳይጠና ይቀራል። በውጭ አገር ግን ይኸው ምግብ ከፍ ባለ ዋጋ የሚሸጥ የታወቀ ንግድ ሆኗል። ስለዚህ የንግዱ አሠራር ምን እንደሆነ፣ በደብረ ብርሃንና በአንኮበርም በምን አኳኋን ሊሠራበት እንደሚቻል መመርመር ተገቢ ነው።

አንደኛ፤ የቅምሻ ማዕድ ምንድን ነው?

የቅምሻ ማዕድ ማለት እንግዳው ከዝርዝር መርጦ የሚያዝበት ሳይሆን፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት አስቀድሞ የወሰናቸውን ብዙ ዓይነት ምግቦች ጥቂት በጥቂት፣ በየተራቸው፣ በአንድ ቁርጥ ዋጋ የሚያቀርብበት ሥርዓት ነው። እንግዳው ቀደም ብሎ ስለሚመዘገብ ወጥ ቤቱ ለስንት ሰው ምን ያህል እንደሚያበስል ያውቃል፤ የሚተርፍና የሚደፋ ምግብም ያንሳል።

አለን ፓሳር የተባለው ፈረንሳዊ የወጥ ቤት ሊቅ፣ አርፔዥ በሚባለው የፓሪስ ምግብ ቤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ቀይ ሥጋን ከማዕዱ አንሥቶ አትክልትን ዋና ምግብ አደረገ፤ አትክልቱንም ከራሱ እርሻ ማምጣት ጀመረ። በኒው ዮርክ የሚገኘው ኢለቨን ማዲሰን ፓርክ ደግሞ በ2021 ሥጋና ዓሣን ትቶ፣ ለአንድ ሰው የሚከፈለውን ዋጋ 335 ዶላር አደረገ። ይሁን እንጂ ይኸው ምግብ ቤት በ2025 ለሚፈልግ እንግዳ ሥጋና ዓሣ ማቅረቡን እንደገና ጀምሯል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፣ የአትክልት ማዕድ ዋጋ የሚወጣው ከጥሬ ዕቃው ውድነት ሳይሆን ከእጅ ሥራው ነው፤ መልቀም፣ መላጥ፣ መከካት፣ ማብላላትና ማቁላላት ብዙ ሰዓትና ብዙ ጉልበት ይጠይቃሉና። ሁለተኛው፣ በዚያ አገር ሥጋ የሌለበትን ማዕድ በየቀኑ የሚሻ ደንበኛ ማግኘት ለባለቤቱ ቀላል አለመሆኑ ነው።

ሁለተኛ፤ ደንበኛው በአገራችን ከወዴት ይመጣል?

በኢትዮጵያ የዚህ ማዕድ ደንበኛ በዘመን መቁጠሪያው ላይ ተጽፎ ይገኛል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ረቡዕንና ዓርብን ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ አጽዋማትም በየጊዜያቸው ይከተላሉ። ባለሆቴሉ እነዚህን ቀናት ከዓመቱ መግቢያ ጀምሮ ቆጥሮ ሊዘጋጅባቸው ይችላል። ነገር ግን ብዙው ጿሚ እስከ ተወሰነ ሰዓት ስለማይቀምስ፣ ማዕዱ በጧት ሳይሆን ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ መዘጋጀት ይኖርበታል።

ሌላም ጥቅም አለ። ክርስቲያኑና እስላሙ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ ሥጋ የሌለበት ማዕድ ግን ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣል። ሁለቱም ሕዝብ ጎን ለጎን በሚኖሩበት፣ የደሴ መንገድ ተላላፊም በየቀኑ በሚያልፍበት በሰሜን ሸዋ ይህ ነገር ቀላል አይደለም።

ሦስተኛ፤ ስንቁ ከየት ይገኛል?

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋ የገብስ፣ የባቄላ፣ የአተር፣ የምስርና የድንች አገር ነው። ወደ አንኮበር ሲዘለቅ ምድሩ በገደል ወደ ቆላው ይወርዳል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከገደሉ በታች ያለችው የአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ዳርቻ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ከደጋው ሰው ጋር የሚገናኝባት ስፍራ ነበረች። ዛሬም ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ፍራፍሬና ማሾ፣ ከምንጃር ጤፍና ሽምብራ ይገኛል። የደጋውም የቆላውም ፍሬ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ለማዕዱ ከሩቅ የሚመጣ ነገር እምብዛም አያስፈልግም።

ይህ ቅርበት ከዋጋ ቅናሽ የበለጠ ትርጉም አለው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ስለተቋረጡ፣ ስንቁን ከሩቅ የሚጠብቅ ምግብ ቤት በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ ሊሆን ይችላል። በጎተራው ባቄላና ገብስ፣ በጓሮው ጎመን ያለው ግን ሥራውን ይቀጥላል። እንደዚሁም የሩቅ ጎብኚን ብቻ ተስፋ አድርጎ ትልቅ ወጪ ማውጣት አይገባም፤ መሠረቱ የከተማው ሰውና መንገደኛው ሊሆን ይገባል።

አራተኛ፤ የማዕዱ ተራና ሒሳቡ

በየዓይነቱ የሚባለው የአገራችን ገበታ ከቅምሻ ማዕድ ጋር ይመሳሰላል፤ የሚጎድለው ተራና ልክ ነው። ለምሳሌ ያህል ሰባት ቅምሻ እንደሚከተለው ሊደረደር ይችላል፦ የገብስ ቆሎና የባቄላ አሹቅ፤ በሰናፍጭ የታሸ የምስር አዚፋ፤ ስልጆ፤ ጎመን በነጭ ሽንኩርት፤ የድንች አልጫ፤ የምስር ቀይ ወጥ፤ በመጨረሻም ተልባ ፍትፍት፤ ከዚያም ቡና። በዚህ አደራረግ ከቀዝቃዛው ወደ ትኩሱ፣ ከለዘብተኛው ወደ በርበሬው እየተሄደ፣ መጨረሻው አፍን በሚያለሰልስ ነገር ይዘጋል። ስልጆ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውኃ ተሠርቶ በሰናፍጭ እየበሰለ ለቀናት የሚቆይ ስለሆነ አስቀድሞ መጀመር አለበት፤ ያለ ዕቅድ የሚሠራ ወጥ ቤት ሊያቀርበው አይችልም።

ሒሳቡም እንዲህ ይታያል። ለአንድ እንግዳ ከእያንዳንዱ የጥራጥሬ ቅምሻ 25 ግራም ደረቅ ጥሬ ቢመደብ፣ ለ20 እንግዶች 500 ግራም ይሆናል፤ የጥራጥሬው ዓይነት አራት ቢሆን ጠቅላላው 2 ኪሎ ነው። ተመዝግበው ከነበሩት 20 ሰዎች 15ቱ ብቻ ቢመጡ፣ የተዘጋጀው ምግብ አንድ አራተኛ ያለ ገዢ ይቀራል፤ በዚያ ቀን የሚገኘው ትርፍም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ባለሆቴሉ በሚመዘገብበት ጊዜ ቀብድ መቀበል፣ ሚዛንም ከወጥ ቤቱ አለመለየት ይኖርበታል። ዋጋ ሲቆርጥም የሠራተኛውን ሰዓትና የማገዶውን ወጪ ከጥሬ ዕቃው ለይቶ ይጻፍ፤ ብዙ ባለሆቴሎች በጾም ምግብ የሚከስሩት የሽሮውን ዋጋ ቆጥረው የእናቶችን ድካም ስለሚረሱ ነው። ጥራጥሬውን ከዋዜማው መዘፍዘፍ ማገዶ ያድናል፤ ልጣጩና ገለባውም ለከብት መኖ ይሸጣል።

አምስተኛ፤ ለየነጋዴው የሚደርሰው ድርሻ

ባለሱቁ እንግዳው ቀምሶ የወደደውን ሽሮ፣ በርበሬ፣ የተከካ ባቄላና ተልባ በንጹሕ ከረጢት መዝኖ፣ የወጣበትን ወረዳ ጽፎ ሊሸጥ ይችላል፤ ገዢ አንድ ጊዜ በምላሱ ያረጋገጠውን ዕቃ ለመግዛት ብዙ አይከራከርም። ላኪው ባቄላና ማሾ ሊገዛ የመጣውን የውጭ ነጋዴ በጆንያ ፊት ብቻ ከሚያቆመው፣ ዕቃው ሲበስል ምን እንደሚመስል በማዕድ ቢያሳየው የጥራቱን ልዩነት ያለ ብዙ ንግግር ያስረዳል። አስመጪውም በአገር ውስጥ የሚገኘውን ምግብ ከማስመጣት ይልቅ፣ ለወጥ ቤቱ የሚያስፈልጉትን ሚዛን፣ ማቀዝቀዣና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ቢያቀርብ ቋሚ ደንበኛ ያገኛል።

በዚህ ንግድ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ትልቅ አዳራሽ አያስፈልገውም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ለ20 ሰው የሚበቃ ስፍራ አዘጋጅቶ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ገበሬዎች ጋር በጽሑፍ ተዋውሎ፣ ወጪና ገቢውን ለአንድ ዐቢይ ጾም በየቀኑ ቢመዘግብ፣ ማስፋት ወይም መተው የሚገባው መሆኑን የራሱ መዝገብ ይነግረዋል።