ደዌዋን ስለ ገለጠች ሴት
ለማኅበር ጥናት የሚሆን ትምህርት

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ ቃል እውነት መሆኑን ማናችንም አንክድም። ነገር ግን ቃሉን የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ የታመመውን ለመምከር ነው እንጂ ራሳችንን ለመመርመር አይደለም። በሽታውን የሚገልጥ ሰው ካለ የሚሰማውም ሰው አለና፥ የገለጠው ሰው መድኃኒት ማግኘቱ ወይም ዱላ ማግኘቱ በሰሚዎቹ እጅ ነው። በዚህ ትምህርት ኤች አይ ቪ በደማቸው እንዳለ በግልጥ የተናገሩትን የሁለት ደቡብ አፍሪቃውያን ሴቶች ታሪክ እንመለከታለን፤ ከዚያም ወደ ገዛ ቤታችን እንመለሳለን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

1ኛ/ ተናግራ የኖረች

ፕሩደንስ ማቤሌ የተወለደችው በ1971 ነው። በ1990 ገና ተማሪ ሳለች ቫይረሱ በደሟ እንደ ተገኘ ተነገራት። በዚያን ጊዜ በሽታውን ገትቶ የሚይዝ መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበርና ይህን ቃል የሰማ ሰው የሞት ፍርድ እንደ ሰማ ይቈጥረው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1992፥ ነገሩን በአደባባይ ገለጠች። ዕድሜዋ ከሃያ ብዙ ያልራቀ ነበረ፤ ከጥቁር ደቡብ አፍሪቃውያን ሴቶችም መካከል እንዲህ ካደረጉት ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆነች። በ1996 እንደ እርስዋ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች እርስ በርሳቸው የሚረዳዱበትን ማኅበር አቋቋመች። በሐምሌ 2017 በ45 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ፥ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ፊቷን ሳትሸፍን ስለ ሌሎች ስትናገር ኖረች።

2ኛ/ ተናግራ የሞተች

ጉጉ ድላሚኒ የደርባን ከተማ አጠገብ በሆነችው በክዋማሹ ትኖር ነበር። በ1998 በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ፥ ዓለም ስለ ኤድስ በሚያስብበት ቀን፥ ቫይረሱ በደሟ እንዳለ በግልጥ ተናገረች። ያው ወር ሳይፈጸም ሰዎች ተሰብስበው ደበደቧትና ሞተች። ዕድሜዋ 36 ነበረ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህችን ሴት የገደላት ቫይረሱ አይደለም፤ የሰው እጅ ነው። ኋላ በደርባን ከተማ አንድ መናፈሻ በስሟ ተጠራ። ለሙታን መታሰቢያ ማቆም መልካም ነው፤ ነገር ግን በሕይወት ሳለች «ነይ፥ ቡና ጠጪ» ማለት ከዚህ ይበልጥ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች የተናገሩት ቃል አንድ ነበረ። ልዩነቱ በሰሚዎቹ ዘንድ ነው።

3ኛ/ ፍርሃታችን ከዕውቀት ማነስ የመጣ ስለ መሆኑ

ኤች አይ ቪ ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቁትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያጠፋል። የሚተላለፈውም በሩካቤ፥ በደም፥ ደም በነካው መርፌና ስለት፥ ደግሞም ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፥ በወሊድና በጡት ማጥባት ነው። በእጅ ሰላምታ፥ ጉንጭ በመሳሳም፥ በአንድ ማዕድ በመብላት፥ በአንድ ፍንጃል በመጠጣት ወይም በወባ ትንኝ አይተላለፍም።

በ1996 ሐኪሞች መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት በሽታውን እንደሚገታ አስታወቁ። በአገራችንም በ2005 መድኃኒቱ ያለ ክፍያ መሰጠት ጀመረ። ይህን መድኃኒት በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሊቀንስለት ይችላል፤ እንዲህ ሆኖ የሚኖር ሰውም በሩካቤ ለሌላ አያስተላልፍም። እናት መድኃኒት ካልወሰደች ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ፤ ከወሰደች ግን ቍጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለች እኅት ልታገባ፥ ልትወልድ፥ የልጅ ልጅም ልታይ ትችላለች።

4ኛ/ በማኅበራችን መካከል

ከጋብቻ በፊት የደም ምርመራ ወረቀት የሚጠይቁ ማኅበሮች አሉ። አሳቡ ለሁለቱም ወገን ጥበቃ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር፥ ሰርጉም ቢቀር፥ ምክንያቱን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ያን ጊዜ ልጅቱ አልተናገረችም፤ ተነገረባት። በፈቃድ በመናገርና ተገድዶ በመገለጥ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረች ሴት ከኋላ ተሰውራ መጣች፤ ኋላም እየተንቀጠቀጠች በሕዝቡ ፊት ነገሯን ሁሉ ተናገረች። ጌታችን በኀፍረት አልተዋትም፤ ልጄ ብሎ ጠራት፥ በሰላምም ሰደዳት። ይህን ታሪክ ማንንም «ተናገሪ» ብለን ለማስገደድ አንጠቀምበት። የሚያስተምረን የተናገረችውን ሴት እንዴት እንደምንቀበላት ነው።

እኛም ራሳችን እንናዘዝ፤ የአንዲት እኅት ፍንጃል ለብቻው እንዲታጠብ ያደረግንበት፥ አግዳሚው ላይ ከጎኗ ፈቀቅ ያልንበት ቀን አለ። አንድም ቃል ሳንናገር ብዙ ተናግረናል።

እንግዲህ ሦስት ነገር እናድርግ። የመጀመሪያው፥ ምሥጢሯን የነገረችን እንደ ሆነ ምሥጢሩ የእርስዋ ነውና ለሌላ ሽማግሌ እንኳ ያለ ፈቃዷ አንንገር። ሁለተኛው፥ «ጸልየንልሻልና መድኃኒቱን ተዪው» አንበላት። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፤ መድኃኒቱንም ሊለማመድ ይችላል። በዚህ ምክር የሞተ ሰው ደም ከመካሪው እጅ ይጠየቃል። ጸሎትና መድኃኒት ጠላቶች አይደሉም። ሦስተኛው፥ በሰርግም በልቅሶም፥ በመዘምራንም በማዕድም ስፍራዋን እንጠብቅላት።

ለመነጋገሪያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በማኅበራችን አንዲት ወጣት እንዲህ ያለ ነገር ብትገልጥልን በሚቀጥለው ሳምንት ምን ይጠብቃት ነበር?

ለ. የምርመራ ወረቀት በእኛ ዘንድ በማን እጅ ይቀመጣል? ማንስ ያየዋል?

ሐ. መድኃኒቷን ለመውሰድ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ እኅት «ማን ያየኝ ይሆን?» ብላ የምትፈራው እኛን ቢሆን ምን እናደርጋለን?

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ቃል ከእንግዲህ ስንጠቅስ ይህን እንጨምርበት፤ የሚገለጥለት ሰው ያጣ ቢሸሽግ አይፈረድበትም።