በሰማይ ላይ የሚወነጨፍ ዒላማ እንዴት ጎልቶ ይታያል?

ጥያቄ፦ በተኩስ ስፖርት የሸክላ ዒላማዎች ጎልተው እንዲታዩና ውድድሩም ይበልጥ አስደሳች እንዲሆን ምን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ዛሬ ከዝፍትና ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ የሚሠራው ይህ ሳሕን መሰል ዒላማ፣ በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም 105 ግራም ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በፍጥነት ሲርቅ ዓይን የሚከተለው ቅርጹን ሳይሆን ንፅፅሩን፣ ማለትም ከበስተጀርባው ካለው ነገር ጋር ያለውን የድምቀትና የቀለም ልዩነት ነው። ስለዚህ ከቀለም ምርጫ በፊት የሜዳው ጀርባ ሊጠና ይገባል። ጥቅጥቅ ባሉ ዛፎች ፊት ፍሎረሰንት ብርቱካናማ፣ ይኸውም ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ በሚታይ ብርሃን መልክ የሚመልሰው ቀለም፣ ደምቆ ሲታይ፣ በነጣ ደመና ፊት ግን ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ይበልጠዋል፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸግራቸው ተኳሾች ደግሞ ብርቱካናማው ከቅጠል ጋር ሊመሳሰልባቸው ስለሚችል፣ ቢጫ መሞከሩ ተገቢ ነው። ፀሐይ ከተኳሹ ጀርባ እንድትሆን በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ሜዳዎች ወደ ሰሜን ወይም ወደ ሰሜን ምሥራቅ እንዲያዩ መደረጉም ከማናቸውም ቀለም ያላነሰ ጥቅም አለው።

ደስታን በተመለከተ በታላላቅ ውድድሮች ፍጻሜ የሚቀርበውን ባለ ዱቄት ዒላማ የሚተካከል የለም፤ በውስጡ የታሸገው ባለቀለም ዱቄት ዒላማው ሲመታ እንደ ጭስ ስለሚበተን፣ ከሩቅ የተቀመጠ ተመልካችም ምቱን ያለጥርጥር ያያል። ዱቄቱን በሚፈነዳ ወይም በሚቀጣጠል ነገር መተካት ግን ፈጽሞ አይገባም።