«ከእኔ በፊት ማን ነበረ?»

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር። ወጣቱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ከያዘ ብዙም አልቆየም። እማማ ሲያጋቡም ሲያስታርቁም የኖሩ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። የተጠበሰው ዓሣ ቀርቧል፤ እሱ ግን እጁን ከስልኩ ላይ አላነሳም።

ወጣት፦ እማማ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ። ከአንዲት ልጅ ጋር መገናኘት ከጀመርን ወር አልሞላንም። ትናንት የፌስቡክ ገጿን ወደ ኋላ ስመለከት፣ ከአንድ ልጅ ጋር ወደ ዘጌ ሲሄዱ ጀልባ ላይ የተነሱትን ፎቶ አገኘሁ። እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። ዛሬ ማታ «ከእኔ በፊት ማን ነበረ?» ብዬ ልጠይቃት ነው።

እማማ፦ ስሙን ብትነግርህ ምን ታደርግበታለህ?

ወጣት፦ ማወቁ ራሱ ያሳርፈኛል።

እማማ፦ አያሳርፍህም። ስሙን ስትሰማ ሥራውን ትጠይቃለህ፤ ከዚያ ለምን እንደተለያዩ፤ ከዚያ «ከእኔ አስበልጠሽ ትወጂው ነበር?» ትላለህ። ለእርቅ ከተቀመጥኩባቸው ጠቦች ስንቱ ከሠርግ በፊት በፍቅር ቀን በተነገረ ወሬ የተነሳ መሰለህ! በደጉ ቀን የነገረችህን በክፉው ቀን ስድብ አድርገህ ትመልስላታለህ።

ወጣት፦ በእናንተ ጊዜስ? ሳይጣራ አይጋባም ነበር ይባላል።

እማማ፦ ይጣራል፤ የሚያጣራው ግን ሙሽራው አልነበረም። ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር ይቆጠራል፣ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌለ ይታያል። ስለ ፍቅር ማን ይጠይቃል? ልጅቱ በልጅነቷ ነው የምትዳረው። የእሷ ድንግልና የሚመረመረው በሠርጉ ሌሊት ነበር። «ብር አምባር ተሰበረ» ከተባለ ወላጆቿ ይኮራሉ፤ ካልተባለ ውርደቱ የእሷ ነው። ወንዱን «አንተስ?» ያለው ሰው ግን አላየሁም።

ወጣት፦ እኔ እንኳ እሱን ልጠይቅ አይደለም።

እማማ፦ ደግ። አንተስ ያለፈውን ነገርህን አጫውተሃታል?

ወጣት፦ ኧረ አላጫወትኳትም።

እማማ፦ እንግዲያው ከራስህ ጀምር። አንተ ያልከፈልከውን ከእሷ አትጠብቅ።

ወጣት፦ ታዲያ ምንም ሳልጠይቅ ዓይኔን ጨፍኜ ልግባ?

እማማ፦ እንዲያማ አላልኩም። ያለፈ ሆኖ ዛሬም ያላለቀ ነገር አለ፤ እሱን ጠይቅ። ትዳር ኖሯት ከሆነ በሕግ ፈርሷል ወይ? ልጅ አለ ወይ? የቀድሞው ሰው ዛሬም ደጅ ይጠናል ወይ? ጤናስ? ከሠርግ በፊት አብሮ መመርመር ዛሬ ነውር አይደለም። ሕጉም ቢሆን የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

ወጣት፦ ሕጉ ምን ይላል?

እማማ፦ ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995። የፌዴራሉ ደግሞ 213/1992 ነው። የፌዴራሉን ብትመለከት፣ የመጀመሪያው ጋብቻ ሳይፈርስ ሌላ ማግባት ክልክል ነው። የተፋታች ሴት 180 ቀን ትቆይ ይላል፤ እርጉዝ አለመሆኗን ሐኪም ካረጋገጠ ግን መቆየት የለባትም። ለምን? የሚወለደው ልጅ አባቱ እንዳይምታታ ነው። «ተሳስቼ ነው ያገባሁት» የሚል ሰው በማይድን ወይም ወደ ልጅ በሚተላለፍ በሽታ ምክንያት ሊከራከር ይችላል። «የድሮ ፍቅረኛ ነበራት» ማለትን ግን ሕጉ እንዲህ ያለ ስህተት አድርጎ አልቆጠረውም።

ወጣት፦ ሰውስ? ትዳር ኖሯት ቢሆንና «ፈት አገባ» ቢሉኝስ?

እማማ፦ እቴጌ ጣይቱ ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት ሌሎች ባሎች ነበሯቸው። ምኒልክም የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አግብተው ነበር፤ በኋላም ከወይዘሮ ባፈና ጋር ኖረዋል። ይህን አገር ያውቅ ነበር። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 አንኮበር መድኃኔዓለም ቆርበው ተጋቡ፤ በ1888 ዓድዋ አብረው ዘመቱ።

ወጣት፦ እነሱ ነገሥታት ናቸዋ።

እማማ፦ ገበሬውስ? የሰማንያ ጋብቻ ይፈርሳል፣ ንብረት ይካፈላል፣ ሁለቱም ሌላ ያገባሉ። ፈት ማግባት በጎጃምም በጎንደርም ብርቅ ሆኖ አያውቅም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። በልጅነቷ ተድራ፣ አምልጣ፣ ትምህርት ብላ ባሕር ዳር የገባች ልጅ ስንት አለች! የተጠለፈችም አለች። «ከእኔ በፊት ማን ነበረ?» ስትል የፍቅር ታሪክ የጠየቅህ ይመስልሃል፤ እሷ ግን ያልመረጠችውን ሰው ታስታውሳለች። ዝም ካለች አታስጨንቃት።

ወጣት፦ ታዲያ መቼ ልጠይቅ? እንዴትስ ብዬ?

እማማ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አሁን አመሏን እይ፤ ስትቆጣ እንዴት እንደምትሆን፣ ቃሏን እንደምታከብር፣ ስለ ተለየችው ሰው ክፉ እንደምታወራ ወይም እንደማታወራ። የትዳር ወሬ የተነሳ ዕለት የራስህን ነገር ንገራትና «እኔ ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ ንገሪኝ» በላት። ስንት ነበሩ፣ ማን ይበልጣል የሚለውን ተወው። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።

ወጣት፦ ፎቶውስ?

እማማ፦ ብትደብቀው ኖሮ ታገኘው ነበር? የሰው ገጽ ሌሊት ስትበረብር ማደርህን ግን ተው። ወንድ ልጅ የጠረጠረውን በአፉ ይጠይቃል እንጂ በስልክ አይሰልልም።

ወጣት፦ ጠይቄ፣ ነግራኝ፣ አልዋጥልኝ ቢልስ?

እማማ፦ ያን ጊዜ ጥፋቱን በእሷ ላይ አትለጥፍ። መልሱን መሸከም እንደምትችል ሳታውቅ አትጠይቅ፤ ከጠየቅህ በኋላ ደግሞ እድሜ ልክህን አታንሳባት። ይህን የማትችል ከሆነ ልጅቷን አታድክማት፤ በጊዜ በክብር ተሰናበታት።